ኮቴው ይቁም፣ ትከሻው ይሂድ

ካሜራ የገዛ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ሹተር ስፒዱን ለፈረስ ስንት ላይ ላድርገው? ለኳስስ? ለእስክስታስ?» ሹተር ስፒድ የካሜራው መዝጊያ (ሹተሩ) ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ሰውየው የሚፈልገው የእሱን ቁጥር ነው። እኔም ቁጥር አልነፍግም። ለፈረስ ከ1/1000 ሰከንድ ጀምሩ። ለኳስም እንደዚያው። ለእስክስታ ግን 1/60 ሞክሩ። ይሄን ብቻ ይዞ መሄድ ለፈለገ ሰው መነሻ ይሆነዋል። ግን ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ እንደተራራቁ ካልገባችሁ፣ ደመና በመጣ ቁጥር፣ ፈረሱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር፣ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ በገባች ቁጥር ግራ መጋባታችሁ አይቀርም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ሹተር ስፒድ መጀመሪያ ይወሰናል፣ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ምን እንዲቆም ትፈልጋላችሁ? ምን እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ? እሱን ከወሰናችሁ በኋላ ብርሃኑን በአፐርቸር (በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) ታመጡታላችሁ። ብዙ ሰው የሚሠራው ተገልብጦ ነው። ካሜራውን ኦቶ ላይ ይተወዋል፣ ካሜራውም ያለውን ብርሃን አይቶ የመሰለውን ፍጥነት ይሰጠዋል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ፈረሱ ጭስ ሆኗል።

ወሎ ሆኖ ስለ ፈጣን ነገር እያወሩ ፈረስን መዝለል አይቻልም። ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነበር የሚባሉት። ዛሬም ጥር ሲገባ፣ ታቦት ሲወጣ፣ ገጠር ሰርግ ሲሆን፣ ያጌጠ ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ታያላችሁ። ጉግስ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዱ ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል፣ ሌላው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፣ አቧራው ይነሳል፣ ሰዉ ይጮኻል፣ እናንተ ደግሞ ያላችሁ ጊዜ ፈረሱ ከፊታችሁ እስኪያልፍ ብቻ ነው።

አሁን እናስላው። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ማለት ነው። ሹተሩ 1/60 ሰከንድ ተከፍቶ ከቆየ ፈረሱ በዚያች ቅጽበት 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጉዟል። 1/250 ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል። 1/1000 ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። 1/2000 ላይ 7 ሚሊ ሜትር። ፎቶው ላይ የምታዩት ብዥታ ይሄው ነው፤ ሹተሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ነገሩ የሄደው ርቀት።

ያ ርቀት መቼ ነው የሚያስከፋው? ፎቶው ስንት ሆኖ እንደሚታይ ይወስነዋል። 3 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ ብታሳትሙት ሁሉም ነገር በ10 እጥፍ ያንሳል። የ1/1000 ብዥታ ወረቀቱ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ቀርቦ ላየው ትንሽ ይታያል እንጂ ፎቶውን አያበላሽም። የ1/250 ግን ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል፣ ፊት ላይ ያረፈ እንደሆነ ፊቱ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው ስልክ ላይ «ዋው» የተባለ ፎቶ ማተሚያ ቤት ደርሶ ሲመጣ የሚያሳዝነው። ቴሌግራም ላይ ለመላክ ብቻ ከሆነ 1/500 ሊያወጣችሁ ይችላል። ሰውየው ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ከሆነ አይ፣ 1/1600 ላይ አድርጉት።

አቅጣጫም አለ። ከላይ ያሰላነው ፈረሱ ከግራ ወደ ቀኝ ከፊታችሁ ሲያልፍ ነው። ወደ እናንተ ፊት ለፊት የሚመጣ ፈረስ ፎቶው ላይ ትንሽ ትንሽ እያደገ ነው እንጂ ወደ ጎን አይሮጥም። ስለዚህ ብዥታው በጣም ያንሳል፣ 1/500 ላይም ጥርት ብሎ ሊመጣ ይችላል። ብርሃን ሲያንስ እኔ የማደርገው ይሄን ነው፤ ቦታ እቀይራለሁ። ከሜዳው ጎን ትቼ ፈረሶቹ የሚመጡበት ጫፍ አካባቢ፣ ከአጥሩ ወይም ከሰዉ መስመር ውጪ ሆኜ እጠብቃለሁ። ፈረሱ መንገድ ላይ መቆም ግን በፍጹም። ሽምጥ የሚመጣ ፈረስ ካሜራ አያውቅም።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። የሚጋልብ ፈረስ ሁሉም አካሉ በአንድ ፍጥነት አይሄድም። ደረቱና ኮርቻው ከጋላቢው ጋር በአንድ ላይ ይሄዳሉ። መሬት የረገጠው ኮቴ ግን በዚያች ቅጽበት ቆሟል፤ መሬት ይዟላ። አየር ላይ ያለው ኮቴ ደግሞ ገላውን ቀድሞ ወደፊት ለመድረስ ከገላው በጣም ይፈጥናል። ስለዚህ 1/500 ላይ ያነሳችሁትን ፎቶ አጉልታችሁ ብታዩት፣ የጋላቢው ፊት ደህና፣ ልጓሙ ደህና፣ የረገጠው እግር ደህና ሆኖ፣ የተነሳው እግር ብቻ ከጉልበቱ በታች ጠፍቶ ታገኙታላችሁ።

ለእኔ ይሄ ግድ አይሰጠኝም ነበር። የእንቅስቃሴ ስሜት ይሰጣል ብዬ እወደው ነበር። ባለፈረሶች ግን እንደዚያ አያዩትም። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሜዳ ላይ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ጋላቢ ፎቷቸውን ካሜራው ስክሪን ላይ አሳየኋቸው። ፊታቸውን አላዩትም። ጣታቸውን ፈረሱ እግር ላይ አሳረፉና «እግሩ የታለ ልጄ?» አሉኝ። ፈጥኖ ስለነበረ ነው ጋሼ፣ ብዥ ብሎ ነው አልኳቸው። «መፍጠኑንማ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ እኮ ላዩ ላይ የነበርኩት። እግሩን አሳየኝ እንጂ» አሉ። አንድ ዙር ጋለቡልኝ። 1/2000 ላይ አደረግኩት። አራቱም ኮቴዎች ከሆዱ ስር ተሰብስበው፣ ከስሩ አፈር እየተረጨ። ዝም ብለው ረጅም ሰዓት አዩትና «አሁን ፈረስ ሆነ» አሉኝ።

እሳቸው ያዩትን ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሎ አልቶ፣ ሊላንድ ስታንፎርድ የሚባል ሀብታም ባለፈረስ ነበር፤ የሚሮጡ ፈረሶቹን የማንሳቱን ሥራ ኤድዋርድ ሙይብሪጅ ለሚባል ፎቶ አንሺ ሰጠው። ሙይብሪጅ በመሮጫው ዳር ካሜራዎች በተርታ ደረደረ፣ ፈረሱ ሲያልፍ በመሮጫው ላይ የተዘረጉትን ክሮች እየበጠሰ ሹተሮቹን አንድ በአንድ አስነሳ። ያኔ ነው ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ አራት እግሩም ከመሬት የሚነሳበት ቅጽበት እንዳለ በማያሻማ መልኩ የታየው። ያም ቅጽበት ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን እንደሳሉት የፊት እግሮቹ ወደፊት፣ የኋላዎቹ ወደኋላ ሲዘረጉ አልነበረም፤ እግሮቹ ሆዱ ስር ሲሰበሰቡ ነው። የሰው ዓይን በሺህ ዓመታት ያልያዘውን ፈጣን ሹተር ያዘው። ይሄን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። በእጃችን የያዝነው ነገር ቀላል ነገር አይደለም።

እሺ፣ 1/2000 ይሁን። ብርሃኑ ከየት ይምጣ?

ሹተር ስፒዱን በእጥፍ ባፈጠናችሁ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ስቶፕ የሚሉት ይሄን ነው። ከ1/250 ወደ 1/2000 ስትሄዱ ሦስት ስቶፕ ከፈላችሁ፣ የሚገባው ብርሃን አንድ ስምንተኛ ሆነ ማለት ነው። ያንን ከሁለት ቦታ ትመልሳላችሁ። አንደኛው አፐርቸሩን በመክፈት ነው፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6 አንድ ስቶፕ፣ ወደ ኤፍ 4 ሁለት፣ ወደ ኤፍ 2.8 ሦስት። ሁለተኛው አይኤስኦውን በመጨመር ነው፤ ከ100 ወደ 200 አንድ፣ ወደ 400 ሁለት፣ ወደ 800 ሦስት። ሌላ ምስጢር የለውም። ይሄን በጣታችሁ መቁጠር ከቻላችሁ ሜዳ ላይ አትደናገጡም።

ለጠራ ፀሐይ ደግሞ ፊልም ዘመን የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ያለ ምንም መለኪያ የሚሠሩባት ደንብ አለች። ፀሐይዋ ፍንትው ስትል አፐርቸር ኤፍ 16፣ ሹተሩ ደግሞ ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር እኩል። አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100። ከዚያ ተነስታችሁ ትቆጥራላችሁ። ኤፍ 4 ላይ ስትከፍቱት አራት ስቶፕ አተረፋችሁ፣ ስለዚህ 1/1600 ይሆናል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ርካሽ ሌንስ ያላችሁ ሰዎች «የእኔ ሌንስ ለፈረስ አይሆንም» ስትሉ እሰማለሁ። አብሽሩ። ሲያቀርቡት ኤፍ 5.6 ድረስ ነው የሚከፈተው እንበል። አይኤስኦ 200 ላይ አድርጉት፣ አሁንም 1/1600 አገኛችሁ። የጥር ፀሐይ ደሴና ኩታበር ላይ እንደዚህ ስትሆን ውድ ሌንስ የግድ አይደለም። ውድ ሌንስ የሚያስፈልገው ፀሐይዋ ስትሄድ ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ቀድማ ትሄዳለች። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ ስለተቀመጠች ምዕራቡ ተዘግቷል። ሆጤ ሜዳ ላይ ከሰዓት ኳስ ስታነሱ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፣ ዓይናችሁ ምንም አልተቸገረም፣ ግን የጦሳ ጥላ ሜዳውን ሸፍኖታል። ፀሐይና ጥላ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ሦስት ስቶፕ ገደማ ነው። ዓይን ይሄን ወዲያው ይለምደዋል። ካሜራ አይለምድም። አይኤስኦ 200 ላይ የነበረው አሁን 1600 ይፈልጋል። ትንሽ ሲመሽ 3200፣ ከዚያ 6400።

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸነፈው። አይኤስኦውን መጨመር ይፈራል፣ ፎቶው እህል እህል ይላል ብሎ። ስለዚህ ሹተሩን ወደ 1/200 ያወርደዋል። ለእኔ ይሄ የተሳሳተ ንግድ ነው። የሚሮጥ ተጫዋች በሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል፤ 1/200 ላይ 4 ሳንቲ ሜትር፣ 1/1000 ላይ 8 ሚሊ ሜትር። በኃይል የተመታች ኳስማ ከዚያ ሦስት እጥፍ ትፈጥናለች። ኖይዝ ያለበት ፎቶ ፎቶ ነው፤ ሶፍትዌር ያለሰልሰዋል፣ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ጭራሽ አይታይም። የተንቀሳቀሰ ፊት ግን የትኛውም ሶፍትዌር እንደነበረ አድርጎ አይመልሰውም። 6400 ላይ አድርጉትና ልጁን በግንባሩ ሲገጭ ያዙት።

የሌንስ ማረጋጊያም እዚህ አያድናችሁም። ማረጋጊያው የሚያቆመው የእናንተን እጅ መንቀጥቀጥ ነው። ተጫዋቹን አያቆመውም። ፎከሱን ግን ያለማቋረጥ የሚከተለው ላይ አድርጉት፤ ካኖን ሰርቮ ይለዋል፣ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይሉታል። አንዴ ይዞ የሚቆመው ፎከስ ለሚሮጥ ነገር አይሆንም።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ፤ ነጭ ልብስ። የጥምቀት ቀን ሜዳው በሙሉ ነጠላና ጋቢ ነው። ዒድ ሶላት ላይም ጀለቢያውና ኮፍያው ያው ነጭ በነጭ ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ነው የተሠራው። ነጭ ሲበዛበት «ብርሃን በዛ» ይልና ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል። ከነጠላው ስር ያለው የእኛ ፊት ደግሞ ከሰል። የስንት ሰው የበዓል ፎቶ በዚህ ተበላሽቷል! አያቶቻችን ፎቶ ላይ ዓይናቸው እንኳ አይታይም። ይሄ የቆዳ ቀለም ጥፋት አይደለም፣ ያነሳው ሰው የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻዋን (+/−) ቁልፍ ስላልነካ ነው። ነጭ ሲበዛ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ። ሂስቶግራሙን፣ ከግራ ጨለማውን ከቀኝ ብሩሁን የሚያሳየውን የካሜራውን ግራፍ እዩ፤ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ጫፉን እንዳይመታ። ጫፉን ከመታ የነጠላው ሽመናና ጥለቱ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ ራው ፋይልም (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ቢሆን አይመልሰውም።

ለፈረስ ሜዳ ግን ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ። ሁሉንም በእጅ ቆልፉት። ፀሐይዋ የምታበራው ዳማውንም፣ ነጩን አምባላይም እኩል ነው። ካሜራው ግን አምባላዩ ሲመጣ ያጨልማል፣ ጥቁሩ ሲመጣ ያበራል፣ እናንተም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት የተነሱ የማይመሳሰሉ ፎቶዎች ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ማኑዋል አድርጉት። ፀሐይ ላይ ያለ የሰው ፊት ላይ ለኩ፣ አንድ ሙከራ አንሱ፣ ነጩ እንዳልጠፋ አረጋግጡ፣ ከዚያ አትንኩት። ደመና እየመጣ እየሄደ ከሆነ ግን ሹተሩንና አፐርቸሩን ራሳችሁ ይዛችሁ አይኤስኦውን ብቻ ኦቶ ላይ ተዉት። ኮምቦልቻ ላይ ለሰዓታት ሳይነካ የሚያገለግል ሴቲንግ ደሴ ላይ ጉም ሲገባ በደቂቃ ይፈርሳል፣ ስለዚህ ሁለቱንም መንገድ ልመዱ።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ስለማቆም ነው። አሁን ስለመልቀቅ።

እስክስታን 1/1000 ላይ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? ትከሻው በግልጽ ይታያል። ነጠላው በግልጽ ይታያል። ጭፈራው ግን የለም። አንዱ ትከሻ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የቆመ ሰው ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶ ለአንዲት ጎበዝ ጨፋሪ አክስቴ አሳየኋት። «ይቺ ትከሻዋን ያመማት ሴት ናት እንጂ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። ትክክል ናት። የወሎ እስክስታ ውበቱ ትከሻው የደረሰበት ቦታ ላይ አይደለም፣ በመንገዱ ላይ ነው። አንገቱ ጸንቶ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ተተክሎ፣ ከስሩ ትከሻው ሲርገፈገፍ። ያንን ለማሳየት ፊቱ መቆም አለበት፣ ትከሻው መሄድ አለበት። 1/60 ይሄን ይሰጣችኋል። 1/40 ከሆነ ነጠላው እንደ ጅረት ውሃ ይፈሳል። 1/125 ከሆነ ትንሽ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከ1/30 ከወረዳችሁ ግን ፊቱም አብሮ መሄድ ይጀምራል፣ ያኔ ሰውየውን አጣችሁት።

እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። ጥርት ያለ ሁሉ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። ፈረሱ ላይ የሽማግሌው ሐሳብ አሸንፎኛል፣ ኮቴው ይቁም። እስክስታ ላይ ግን አክስቴን ነው የምከተል። ባለቤቱ በምን እንደሚኮራ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለፈረሱ በፈረሱ እግር ይኮራል። ጨፋሪዋ በትከሻዋ ፍጥነት ትኮራለች። መንዙማ ላይ የሚያጨበጭቡትን ብታነሱ ደግሞ እጃቸው ብዥ ብሎ ፊታቸው ጸጥ ቢል ነው ደስ የሚለኝ።

አዝግሞ ለማንሳት ታዲያ አንድ ሳይሆን ደጋግማችሁ ተኩሱ። ብዙዎቹ ይበላሻሉ። ጭንቅላቷ ትንሽ ያረፈበት ቅጽበት ላይ የወደቀው አንዱ ግን ይወጣል። በቀን ፀሐይ 1/60 ላይ ብርሃን ከበዛባችሁ አይኤስኦውን 100 አድርጉ፣ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 22 ዝጉ፣ ወይም ጥላ ፈልጉ።

ዝላይ ሌላ ጸባይ አለው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል ሲሆን ልጃገረዶቹ ከበሮ እየመቱ ሲዘሉ አስቡ። ወደ ላይ የተነሳ ሰው ከመውረዱ በፊት ጫፉ ላይ ለአፍታ ይቆማል። የስበት ሕግ ነው። ከጫፉ በኋላ ባለው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ እንኳ የሚወርደው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጫፉን ከጠበቃችሁ 1/250 ይበቃል፣ ሰውነቷ ጥርት ይላል፣ ሹሩባዋና የቀሚሷ ጫፍ ደግሞ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ነሐሴ ደመናማ ስለሆነ ይሄን ማወቅ በጣም ይጠቅማል። ምቱን ስሙ። ከበሮው ዝላዩን ቀድሞ ይነግራችኋል። የገና ጨዋታም ላይ እንደዚሁ ነው፤ ዱላው ወደ ኋላ ተሰብስቦ ሊመታ ሲል ይቆማል፣ ሩሯ የተመታች ጊዜ ግን 1/2000ም ላይይዛት ይችላል።

የሰርግ አዳራሽና ድንኳን ላይ ደግሞ አምፖሎቹን ተጠንቀቁ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ብዙ ሸምበቆና ርካሽ ኤልኢዲ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን አያየውም። 1/1000 ላይ ግን አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለማ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል፤ ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሙሽራዋ ላይ አግድም ጥላ ጥላ መስመር ይሠራል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ አድርጉት፣ ይጠፋል። ደግነቱ ይሄ ፍጥነት ለእስክስታም የሚስማማው ነው። ፍላሽ ካላችሁ 1/30 ላይ አድርጋችሁ ፍላሹን ሹተሩ ሊዘጋ ሲል እንዲበራ አዘጋጁት። የፍላሹ ብልጭታ ራሱ በጣም አጭር ስለሆነ ፊቱን ያቆመዋል፣ የቀረው ብርሃን ደግሞ ትከሻውን ሲሄድ ያሳየዋል።

በስልክ የምታነሱም አላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ። በጠራ ፀሐይ ስልካችሁ ራሱ ፈጣን ነው፤ አፐርቸሩ ሰፊና የማይቀየር ስለሆነ ፀሐይ ላይ 1/2000ን በቀላሉ ያልፋል። ችግሩ ጥላ ሲሆን ነው፣ ያኔ ዝም ብሎ ወደ 1/60 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ፕሮ የሚለውን ግቡና ሹተሩን 1/500 ላይ ያዙት። የማታ ሞድን ለሚንቀሳቀስ ነገር አጥፉት፤ ብዙ ፎቶ አንስቶ አንድ ላይ ስለሚደርባቸው የሚሮጥ ልጅ ላይ ሁለት ሦስት እግር ይጨምራል።

የቀረው ፓኒንግ ነው፣ እሱን ደግሞ ከማንበብ ይልቅ እጅ ነው የሚማረው። ሹተሩን 1/30 ወይም 1/60 አድርጋችሁ ካሜራውን ከሚሄደው ነገር ጋር እኩል ታዞራላችሁ። ነገሩ ይጠራል፣ ጀርባው መስመር መስመር ሆኖ ይሮጣል። ፈረስ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት ባጃጅ ላይ ልመዱት፣ ደሴ ላይ ባጃጅ አይጠፋም። ከመንገዱ ዳር በአግባቡ ራቅ ብላችሁ፣ እግራችሁን ባጃጁ ወደሚያልፍበት አዙራችሁ ቁሙ፣ ከወገባችሁ ብቻ ዙሩ። ገና ሩቅ ሳለ መከተል ጀምሩ፣ ፊት ለፊታችሁ ሲደርስ ተኩሱ፣ ከተኮሳችሁም በኋላ መዞራችሁን አታቁሙ። በ1/125 ጀምሩ። ሲጠራላችሁ ወደ 1/60፣ ከዚያ ወደ 1/30 ውረዱ። የሹፌሩ ፊት ጠርቶ ጎማው ክብ ጭስ ሆኖ መምጣት ሲጀምር፣ በጥር ፈረስ ሜዳ ዳር ቦታ ያዙ።